ጠቃሚ ባክቴሪያን ለሰብል በሽታ መከላከያ መጠቀም፦ ከዘር እስከ ቅጠል

ችግኝ አንገቱ ላይ ቀጥኖ ከተኛ በኋላ ባክቴሪያ ገዝቶ ማጠጣት ገንዘብ መበተን ነው። የተኛውን አያነሳውም። ጠቃሚ ባክቴሪያ የሚሠራው ቀድሞ ሲደርስ ነው። ሥሩ ገና ሲወጣ ላዩ ላይ ይሰፍራል፣ ሥሩ ወደ አፈር የሚያወጣውን ስኳርና አሚኖ አሲድ ይመገባል፣ በሽታ አምጪው ሲመጣ ቦታውም ምግቡም ተይዞ ይጠብቀዋል። ከዚህ በታች ስለ መጠን፣ ስለ ሰዓትና ስለ ውሃ የሚነገረው ሁሉ ሕይወት ያለውን ሕዋስ በበቂ ቁጥር፣ ከበሽታው በፊት፣ ትክክለኛው ቦታ ላይ ለማድረስ ነው።

የትኛው ባክቴሪያ ለምን

ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ባሲለስ ሰብቲሊስና የቅርብ ዘመዶቹ ባሲለስ አሚሎሊኩፋሺየንስና ባሲለስ ቬለዜንሲስ ናቸው። እነዚህ ሲከፋቸው ስፖር (ጠንካራ ሽፋን ያለው የሚተኛ ሕዋስ) ሠርተው ይተኛሉ። ስፖሩ ድርቀትንና ሙቀትን ስለሚችል ዱቄቱ በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። የሚያመነጯቸው ኢቱሪንና ፌንጋይሲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች የፈንገሱን ሽፋን ይበሳሉ፤ ሰርፋክቲን የሚባለው ደግሞ ባክቴሪያው ሥር ላይ ተደላድሎ እንዲሰፍር ከማገዙ በላይ የተክሉን የራሱን መከላከያ ይቀሰቅሳል።

ፕሱዶሞናስ ፍሎረሰንስ ጠባዩ ሌላ ነው። ሥርን ተከትሎ በፍጥነት ይሮጣል፣ በአካባቢው ያለውን ብረት ሲደሮፎር በሚባል ንጥረ ነገር ለቅሞ በሽታ አምጪውን ያስርበዋል፣ አንዳንዱ ዝርያ ጠንካራ ፀረ-ፈንገስም ይሠራል። ስንዴ ዓመት በዓመት በሚዘራበት ማሳ ላይ ሥርን የሚያጠቁረው በሽታ መጀመሪያ ይብስና ከጥቂት ዓመታት በኋላ በራሱ ጊዜ እየቀነሰ ይመጣል፤ ከዚህ ጀርባ ካሉት ዋነኛ ምክንያቶች አንዱ አፈሩ ውስጥ የበዙት እነዚሁ ፕሱዶሞናሶች ናቸው። ድክመቱ ግን ስፖር አለመሥራቱ ነው። ሙቀት፣ ድርቀትና ረጅም ቆይታ ይገድሉታል። ሙቅ መጋዘን ውስጥ የከረመ የፕሱዶሞናስ ዱቄት አብዛኛውን ጊዜ ታልክ (ባክቴሪያው የሚደባለቅበት የድንጋይ ዱቄት) ብቻ ነው።

ስትሬፕቶማይሲስ የሚባሉት ክር መሰል ባክቴሪያዎች በተለይ ለችግኝ ሥር በሽታዎች ይውላሉ። ኬ61 የተባለው የታወቀ ዝርያ የተገኘው ከፊንላንድ ረግረግ አፈር ነው።

የዚህ ዘርፍ ትልቁ ስኬት ግን የዛፍ ፍሬዎችንና ጽጌረዳን የሚያጠቃው የሥር አንገት ዕጢ ላይ የተገኘው ነው። አለን ኬር በአውስትራሊያ አደላይድ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ለይቶ ያወጣው ኬ84፣ ራሱ የበሽታ አምጪው ዘመድ ሆኖ በሽታ የማያመጣ፣ አግሮሲን 84 በሚባል ንጥረ ነገር ዘመዱን የሚገድል ባክቴሪያ ነው። ስጋት የነበረው ይህን ንጥረ ነገር የሚያሠራውና ለመቋቋም የሚያስችለው ዘረ-መል ወደ በሽታ አምጪው ተሻግሮ መድኃኒቱን እንዳይለምደው ነው። ስለዚህ ዘረ-መሉን እንዳያሻግር ተደርጎ ኬ1026 ተሠራ። ሁለቱም ወይን ላይ የሚመጣውን ዕጢ አያስቆሙም፤ የወይኑ በሽታ አምጪ ዝርያው ሌላ ነው።

ጠቃሚ ባክቴሪያ የሚሆንበትንና የማይሆንበትን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ፒቲየምና ራይዞክቶኒያ የተባሉት የአፈር በሽታ አምጪዎች የሚያመጡት የችግኝ መውደቅ ላይ ጥሩ ይሠራል። ፉዛሪየም የሚባለው ፈንገስ በሚያመጣው አጠውልግ ላይ ይረዳል። አመዳይን (ቅጠል ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስለውን ፈንገስ) እና ግራጫ ሻጋታን ገና ሲጀምሩ ይይዛል። ድንችና ቲማቲም ላይ ዝናብ ተከትሎ የሚመጣውን ምች ግን በባክቴሪያ ብቻ ለማቆም አትሞክሩ፤ በጥቂት ቀናት ማሳውን ይጨርሳል። የባክቴሪያ አጠውልግ አንዴ አፈሩን ከያዘ ደግሞ ጠቃሚው ባክቴሪያ ዋና መፍትሔ አይሆንም። ሰብል ማፈራረቅ፣ ተቋቋሚ ዝርያና በተቋቋሚ ሥር ላይ የተከተበ ችግኝ ይቀድማሉ። በቫይረስ ለተያዘ ተክልም መድኃኒት አይደለም።

ዕቃውን መፈተሽ

ማሸጊያው ላይ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ የዝርያው መለያ (ስሙ ብቻ ሳይሆን ከስሙ ቀጥሎ ያለው ኮድ)፣ በግራም ስንት ሲኤፍዩ እንዳለው፣ የሚያበቃበት ቀን። ሲኤፍዩ ማለት መራባት የሚችሉ ሕይወት ያላቸው ሕዋሳት ቁጥር ነው። ቁጥር ያልተጻፈበትን ዕቃ አትግዙ፤ መጠን ማስላት አይቻልምና።

ጥርጣሬ ካለና ላቦራቶሪ ቢጤ ካላችሁ ቆጠራው ቀላል ነው። 1 ግራም ዱቄት 9 ሚሊ ሊትር ንጹሕ የጨው ውሃ (0.85 በመቶ) ውስጥ ይበጠበጣል፤ ከዚያ 1 ሚሊ ሊትር ተወስዶ ሌላ 9 ሚሊ ሊትር ውስጥ ይገባል፤ እንዲህ እያለ ስድስት ጊዜ። ከመጨረሻው 0.1 ሚሊ ሊትር የባክቴሪያ መመገቢያ ባለበት ሳህን ላይ ይቀባና 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቀመጣል። ከ30 እስከ 300 የሚሆን ክምችት የበቀለበት ሳህን ብቻ ይቆጠራል። 45 ቢገኝ፣ 45 በ1 ሚሊዮን፣ ከዚያ በ10 ሲባዛ በግራም 450 ሚሊዮን ማለት ነው። ባሲለስ መሆኑን ለማጣራት ብጥብጡን 80 ዲግሪ ላይ 10 ደቂቃ አቆይቶ እንደገና መቁጠር ነው፤ ስፖሩ ይተርፋል፣ ሌላው አብዛኛው ይሞታል። ከማሞቁ በኋላ ቁጥሩ ክፉኛ ከወረደ ወይ ስፖሩ አልተሠራም፣ ወይ የገዛችሁት ባሲለስ አይደለም። ፕሱዶሞናስ ፍሎረሰንስ ደግሞ ኪንግስ ቢ በሚባለው መመገቢያ ላይ በቅሎ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር አረንጓዴ ቢጫ ያበራል።

ውሃው

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚህ ነው፣ ማንም አይጠረጥረውም። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን የተጨመረበት ባክቴሪያን ለመግደል ነው፤ የእናንተንም አይመርጥም። ተራ ክሎሪን ከሆነ አፉ ሰፊ ዕቃ ውስጥ አንድ ቀን ክፍቱን ሲያድር ይተናል። ክሎራሚን (ከአሞኒያ ጋር የተዋሃደ ክሎሪን) ከሆነ ግን አድሮም አይወጣም። በ100 ሊትር ውሃ 1 ግራም አስኮርቢክ አሲድ (ቫይታሚን ሲ) በጥብጦ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ሁለቱንም ያከሽፋል። የዝናብ ወይም የጉድጓድ ውሃ ካለ ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀራል። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ6 እስከ 7.5 ቢሆን ይመረጣል።

መርጫው ትናንት መዳብ ወይም ፀረ-አረም የተረጨበት ከሆነ ሦስት ጊዜ ታጥቦም ቧንቧውና ማጣሪያው ውስጥ ቅሪት ይደበቃል። ለባክቴሪያ ብቻ የሚውል መርጫ መለየት ርካሹ መፍትሔ ነው።

አበጣጠሩ እንዲህ ነው። ዱቄቱን በጥቂት ውሃ መጀመሪያ እንደ ለጥ ያለ ሊጥ ማሸት፤ እብጠት ሳይቀር ማለስለስ፤ ግማሽ ድረስ ውሃ ወዳለበት ታንክ ማፍሰስ፤ እያማሰሉ መሙላት። በአራት ሰዓት ውስጥ ይለቅ። የተረፈውን ለነገ አታሳድሩ። ስፖሩ እርጥበትና ምግብ ሲያገኝ ይነቃል፤ አንዴ ከነቃ ያ ሁሉ ጥንካሬው የለም። ሲበጠበጥ አቧራው እንዳይሳብ ጭምብልና ጓንት አድርጉ፤ ባክቴሪያው ተክል ባይጎዳም ዱቄቱ ሳንባና ዐይን ይቆጣል።

ዘር ማከም

የተለመደው መጠን ለ1 ኪሎ ዘር 10 ግራም ዱቄት ነው። በቆሎን፣ ሽምብራንና ባቄላን ለመሳሰሉ ትልልቅ ዘሮች ይበቃል። ለጥቃቅን ዘር ግን ይህ ቁጥር ያሳስታል፤ ሒሳቡን እንየው። ዱቄቱ በግራም 100 ሚሊዮን ሕዋስ ካለው፣ 10 ግራሙ 1 ቢሊዮን ይይዛል። 1 ኪሎ በቆሎ ወደ 3,000 ፍሬ ስለሆነ ለአንዱ ፍሬ ከ300 ሺህ በላይ ይደርሰዋል፤ ጥሩ ነው። 1 ኪሎ የቲማቲም ዘር ግን ወደ 300 ሺህ ፍሬ ነው። ለአንዱ የሚደርሰው 3,000 ገደማ ብቻ ይሆናል። ከዚያም ላይ ሲደርቅና አፈር ውስጥ ሲገባ የሚሞት አለ። ስለዚህ ለቲማቲም፣ ለበርበሬ፣ ለሽንኩርትና ለጎመን ዘሩን ከማከም ይልቅ ትሪውን ማጠጣት ይሻላል።

ትልልቁን ዘር ስታክሙ፦

1. 10 ግራም የግራር ሙጫ በ100 ሚሊ ሊትር ለብ ባለ ውሃ አሟሙታችሁ አቀዝቅዙ። ሙቀቱ ካልወረደ ፕሱዶሞናሱ እዚያው ያልቃል።
2. ለ1 ኪሎ ዘር ከዚህ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ 10 ግራም ዱቄቱን በጥብጡበት።
3. ዘሩን ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከብጥብጡ ጋር አድርጋችሁ፣ አየር ሞልታችሁ፣ ሁሉም ፍሬ አንድ ዓይነት ቀለም እስኪይዝ አገላብጡ። በእጅ ማሸት ሽፋኑን ይልጣል።
4. ጥላ ሥር ጨርቅ ላይ በስሱ አስጡ። ፍሬና ፍሬ መጣበቅ ሲተው፣ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ ደርቋል።
5. በዚያው ቀን ዝሩ።

ዘሩ ፋብሪካ ውስጥ ቀለም ተቀብቶ የመጣ ከሆነ ፀረ-ፈንገስ ይዟል፤ በዚህ ላይ ፕሱዶሞናስ መጨመር ብዙ ጊዜ ልፋት ነው። ስፖር የሚሠራው ባሲለስ የተሻለ ይችላል፤ የአምራቹን መለያ ወረቀት እዩ።

የችግኝ ትሪና መደብ

ለድካማችሁ የሚበልጠውን ውጤት የምታገኙት እዚህ ነው። ሥሩ ትንሽ ነው፣ ቦታው ጠባብ ነው፣ በጥቂት ዕቃ እያንዳንዱን ችግኝ ማዳረስ ይቻላል።

በግራም 1 ቢሊዮን ሕዋስ ያለው ምርት በሊትር 5 ግራም ሲበጠበጥ በአንድ ሚሊ ሊትር 5 ሚሊዮን ይሆናል። ባለ 200 ቀዳዳ ትሪ ላይ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ 5 ሚሊ ሊትር ከተሰጠ አንድ ትሪ 1 ሊትር ብጥብጥ፣ ማለትም 5 ግራም ዱቄት ይፈጃል፤ ለአንዱ ችግኝ 25 ሚሊዮን ሕዋስ ይደርሰዋል። ከዘር ማከሙ ጋር አስተያዩት።

የመጀመሪያው ማጠጣት ዘሩ በተዘራበት ቀን ነው። ሁለተኛው ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ። ሦስተኛው ወደ ማሳ ከመዛወሩ አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድሞ። ትሪው ቀድሞ በቀላሉ ይርጠብ፤ ክው ያለ ኮምፖስት ውሃ ይገፋና ብጥብጡ በጎን ወርዶ ያልቃል። ከተጠጣ በኋላ ያን ቀን ሌላ ውሃ አይጨመር።

በእንፋሎት የታከመ አፈር ባዶ ቤት ነው። ቀድሞ የገባ ይወርሰዋል፤ በሽታ አምጪው ከገባም ተቀናቃኝ ስለሌለው ካልታከመው አፈር ይልቅ በፍጥነት ይሰራጭበታል። ስለዚህ አፈሩ እንደቀዘቀዘ ሳይውል ሳያድር ባክቴሪያውን ስጡት።

መደቡ ውሃ የሚያቁር ከሆነ ግን የትኛውም ባክቴሪያ አያድነውም። ፒቲየም በውሃ የሚዋኝ ስፖር አለው፤ እርጥበቱን ሳትቀንሱ ዘበኛ ብታበዙበት ትርጉም የለውም።

ሲዛወር፦ ሥር መንከርና ጉድጓድ ማጠጣት

ሥሩ ተራቁቶ የሚዛወር ችግኝ በሊትር 10 ግራም በተበጠበጠ ውሃ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይነከራል። ከአንድ ሰዓት በላይ ማቆየት ሥሩን አየር ያሳጣዋል። ብጥብጡን በየጊዜው ማማሰል ያስፈልጋል፣ ታልኩ ይዘቅጣልና። አንዱ የታመመ ችግኝ መንከሪያውን ለሁሉም ማዳረሻ እንዳያደርገው አስቀድማችሁ ምረጡ፤ ሥሩ የጠቆረውን ጣሉ።

ኬ84 ለሚጠቀም ደግሞ ሕጉ ጠበቅ ይላል። በሽታ አምጪው የሚገባው በቁስል ነው፤ ሥሩ እንደተከረከመ ወዲያው መነከር አለበት። ፀሐይና ንፋስ ሳያገኘው ይተከል። ዕጢ ያወጣውን ችግኝ አታክሙት፣ አቃጥሉት። በሽታው አንዴ የራሱን ዘረ-መል ወደ ተክሉ ሕዋስ ካስገባ በኋላ ዕጢው ያለ ባክቴሪያም ያድጋል።

በማሳ ላይ ለአንድ ተክል ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ግንዱ ሥር ይጠጣል። 25,000 ተክል ላለበት ሄክታር በ50 ሚሊ ሊትር ሒሳብ 1,250 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። በጠብታ መስኖ መላክ ይቻላል፤ ታልክ ውሃ ውስጥ ስለማይሟሟ ግን ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ለጠብታ መስኖ ፈሳሹን ምርት ግዙ። ዱቄት ብቻ ካለ በጥብጣችሁ 15 ደቂቃ አስቀምጡትና ላይኛውን በጨርቅ አጥሉት። የባክቴሪያው ከፊል ከዝቃጩ ጋር እንደሚቀር ቁጠሩት።

ሌላው መንገድ ከኮምፖስት ጋር ነው። ለሄክታር 2.5 ኪሎ ዱቄት ከ50 ኪሎ የበሰለ ኮምፖስት ጋር አደባልቆ፣ ሲጨብጡት የሚጣበቅ ግን የማያንጠባጥብ እስኪሆን አርጥቦ፣ ጥላ ሥር በጆንያ ሸፍኖ አንድ ሳምንት ማቆየት፤ ከዚያ በፈሩ ላይ መበተንና ወዲያው በአፈር መሸፈን። እጃችሁን ክምሩ ውስጥ አስገቡ፤ ሞቅ ካለ ገና አልበሰለም፣ ፕሱዶሞናሱ ይቃጠላል። አፈሩ ከ15 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ባሲለስ ይለግማል፤ በዚያ ወቅት ፕሱዶሞናስ ይሻላል።

ቅጠል ላይ

ቅጠል ለባክቴሪያ በረሃ ነው። ፀሐይ ያቃጥለዋል፣ ንፋስ ያደርቀዋል፣ ዝናብ ያጥበዋል፣ በየቀኑም ማንም ያልሰፈረበት አዲስ ቅጠል ይወጣል። ስለዚህ ርጭቱ ወደ ማምሻው፣ ፀሐይ ሲበርድ ይሁን፤ በየ7 እስከ 10 ቀን ይደገም፤ ዝናብ ሲበዛ በየ5 ቀን። ብዙዎች ቅጠሉን ከላይ አርሰው ይሄዳሉ። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በታችኛው ቅጠል ጀርባ ላይ ስለሆነ የመርጫውን አፍንጫ ወደ ላይ አዙሩት።

አመዳይ ላይ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ነጭ ነጠብጣቦች በፊት ወይም ያኔ ጀምሩ። ቅጠሉ ዱቄት የተነሰነሰበት ከመሰለ በኋላ መጀመሪያ በሰልፈር ወይም በሌላ ፀረ-ፈንገስ አብርዳችሁ ከዚያ በባክቴሪያ ጠብቁት። ተክሉ የራሱን መከላከያ ለማንቃት ቀናት ስለሚወስድበት ዛሬ ረጭታችሁ ነገ ለውጥ አትፈልጉ።

ከመድኃኒት ጋር

መዳብ፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ ክሎሪንና ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ባክቴሪያ ገዳዮች ናቸው፤ አብረው አይበጠበጡ። በመካከላቸው ቢያንስ አምስት ቀን ይኑር። ብዙዎቹ ፀረ-ፈንገሶች ባክቴሪያን በቀጥታ ባይገድሉም ውስጣቸው ያለው ማጣበቂያና ማሟሚያ ሊጎዳው ይችላል። ትንሽ ማሰሮ ውስጥ በማሳው መጠን ደባልቃችሁ ሁለት ሰዓት ተዉት፦ ከረጋ፣ ከተቆራረጠ ወይም ከሞቀ ታንክ ውስጥ አታስገቡት። ሳይረጋ ቢቀርም ግን ባክቴሪያው በሕይወት አለ ማለት አይደለም፤ ያንን የሚናገረው ቆጠራው ብቻ ነው።

ሞላሰስ ውስጥ ማራባት

ምርቱ ውድ ሲሆን ጥቂት ዱቄት በሞላሰስ ውሃ በርሜል ውስጥ ጨምሮ ማብዛት ያጓጓል። ፈሳሹ ይደፈርሳል፣ አረፋ ያወጣል፣ ይሸታል፤ የሆነ ነገር በዝቷል። ምን እንደበዛ ግን አይታወቅም። ክፍት በርሜል ውስጥ ከአየርና ከውሃ የገባው ከባሲለስ ፈጥኖ ይራባል፤ ከባሲለስ ዘመዶች መካከልም ምግብ የሚመርዘው ባሲለስ ሴሪየስ አለ። ሰላጣ ላይ ይህን መርጨት አይገባም። ንጹሕ ማብላሊያ፣ የተቀቀለ መመገቢያና የመቁጠሪያ ሳህን የሌለው ሰው የተገዛውን በጥቂቱ፣ ትሪው ላይ ብቻ ቢያውለው ያተርፋል።

ሠርቷል ወይ?

ማሳውን ሁሉ አክማችሁ «ዘንድሮ ጥሩ ነው» ማለት ምንም አይነግራችሁም፤ ዓመቱ ራሱ ደርቆ ይሆናል። ቢያንስ አራት ቦታ ላይ ጥንድ ጥንድ ረድፎች ለዩ፤ አንዱ የታከመ፣ ጎኑ ያለው ያልታከመ፣ በእያንዳንዱ ከ25 ያላነሰ ተክል። ምልክት እንጨት ትከሉና በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ28ኛው ቀን የሞተውን ቁጠሩ። ካልታከመው 100 ውስጥ 18፣ ከታከመው 9 ከሞተ፣ 18 ሲቀነስ 9፣ ለ18 ሲካፈል ግማሹን አድኗል ማለት ነው። አንዱ ጥንድ ብቻ ለውጥ ካሳየና ሦስቱ ካላሳዩ ግን ልዩነቱ ከአፈሩ ነው።

ሁለቱ እኩል ከሆኑ ፍለጋው በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን። መጀመሪያ ዕቃው፦ ቀኑ አልፏል? የት ተቀመጠ? ከዚያ ውሃው። ከዚያ ሰዓቱ፦ የመጀመሪያው ማጠጣት ዘሩ በተዘራበት ቀን ነበር ወይስ ችግኙ መውደቅ ሲጀምር? በመጨረሻ በሽታው ራሱ። አንድ የወደቀ ችግኝ ንቀሉና ሥሩን አጥባችሁ ተመልከቱ፤ ግንዱን ሰንጥቃችሁ ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ስቀሉት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወተት የመሰለ ክር ወደ ታች ከወረደ የያዛችሁት የባክቴሪያ አጠውልግ ነው፣ ለፈንገስ የገዛችሁት ዱቄት በዚህ ላይ ባይሠራ አይገርምም።